የጎማው ቀበቶ

አባቴ መኪናዋን አጥር ውስጥ የከተታት እንጆሪ ሊያስለቅመኝ መስሎኝ ነበር።

ወቅቱ መከር ነው። የእንግሊዝ አገሯ የኖርፎክ የገጠር መንገዶች ስኳር የሚወጣበትን ሥር በሚያመላልሱ ትራክተሮች ጭቃ ሆነዋል። እኔ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ከአባዬ ጎን ተቀምጫለሁ፤ ጣሪያዋ ተገልጧል፤ ንፋሱ ፀጉሬን ሲያመሰቃቅለው እንከተከታለሁ። ቢጫዋ መኪናችን ቁመቷ ከአባዬ ወገብ አይበልጥም ነበር። ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ሰው የሚሳፈርባት ሳይሆን የሚለብሳት የምትመስል ነገር ነች። ከመስቀለኛው መንገድ ስንነሳ ዘለለች። እንደ ጥንቸል ደጋግማ ዘለለችና ወደ ግራ ታጥፋ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች። ቅርንጫፍ ጉንጬን ጫረኝ፣ ሞተሩም ጠፋ። አባዬ መሪውን አልለቀቀም። ከዚያ ፊቱ ላይ የተንጠለጠለውን ቀና ብሎ አየ።

«ፒፓዬ፣ እንጆሪ!» አለ።

እውነትም አጥሩ በጥቁር እንጆሪ ተንዠርግጓል። አባዬ ኮፍያውን ገልብጦ ያዘልኝ፤ እኔ እየለቀምኩ ሞላሁት። ኮፍያው ሲንቀጠቀጥ እየተጫወተብኝ መስሎኝ፣ «አባዬ ተው፣ እየፈሰሰ ነው!» ብዬ ተቆጣሁት። እሱም ይቅርታ ጠየቀኝ። ቤት ስንደርስ አፌ ጠቁሯል፤ «አባዬ መኪና አቁሞ እንጆሪ የሚለቀምበትን ቦታ ያውቃል» እያልኩ እናቴ ላይ ተጠመጠምኩ። እማዬ ጉንጬ ላይ ያለውን ጭረት በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፤ ከዚያ አባዬን አየችው። እሱ እጁን ኪሱ ከቶ ወደ መስኮቱ ዞረ።

መኪናዋን ከአጥሩ የጎተታት የአባዬ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ ሴድሪክ ነው። እርሻ አለው፤ ድምፁ ከትራክተሩ አያንስም። በዚያው ዕለት ከሻይ በኋላ ሦስቱ ወጥ ቤት ሲነጋገሩ እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጆሮዬን አቆምኩ።

«ጎማው ነው፣ ሴድሪክ። ተሰነጣጥቋል። ስነሳ ወረወረኝ።»

«ጎማው ነው ትላለህ?»

«ነው አልኩህ እኮ!»

«ሮላንድ፣ እኔ ወንድምህ ነኝ። ጎማው አይደለም።»

«ጎማውም ነው» አለች እማዬ ቀስ ብላ።

«ይሁንላችሁ፣ ጎማውም ነው! ግን ልጅቷ አብራው ነበረች፣ ሂላሪ። ልጅቷ!»

አጎቴ የተቆጣው እንጆሪ ለቀማው ላይ ስላልተጠራ ነው ብዬ ደመደምኩ። እንዲያውም ነገ ትንሽ ልወስድለት አሰብኩ።

ጎማ ሲባል ግን መሬት የሚረግጠው ጎማ አይደለም። እንደኛዋ ያሉ መኪኖች ጉልበታቸውን ወደ ኋላ እግራቸው የሚያደርሱት በሁለት አጫጭር ዘንጎች ነው፤ በየዘንጉ ጫፍና ጫፍ ደግሞ ቦምቦሊኖ የሚያክል ወፍራም የጎማ ቀለበት ይታሰራል። በጠቅላላው አራት ናቸው። ፍሪሲዮኑን ስትለቀው ጎማው መጀመሪያ ይጠመዘዛል፤ ከዚያ የተጠመዘዘውን ይመልሳል። ነጂው ካልጠበቀው መኪናዋ ትዘላለች። ጎማው ካረጀና ከተቀደደ ደግሞ ከመዝለልም አልፎ ዘንጉ ከሥር ሁሉን ነገር እየጠለዘ ሊሰባብር ይችላል። አባዬ እነዚህን ቀለበቶች ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ የመኪና እሽቅድምድም ክለቡ ሰዎች ከሩቅ መጥተው ምክር የሚጠይቁት ሰው ነበር።

«መኪናዋን እኔ ጎተራ አስገባታለሁ» አለ አጎቴ። «እሷም ትረፍ። እኔም እንቅልፌን ልተኛ።»

«እዚያ ማን ይነዳታል?» አለች እማዬ።

«ማንም! ቁም ነገሩ እሱ አይደል እንዴ?»

ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። እማዬ ተነስታ መሆን አለበት፤ ድምፅዋ ከፍ አለ። «እስከ ጸደዩ ውድድር ጊዜ ስጠን። አራቱም ጎማ ተቀይሮ መነሻው መስመር ላይ ካልቆመች፣ ና ጎትተህ ውሰዳት፤ አንድ ቃል አልናገርም።»

«ማነው የሚቀይረው?»

ከዚያ የአባዬን ድምፅ ሰማሁ። «እኔ አንድ ቡሎን አልነካም።»

ልቤ ስንጥቅ አለ። አባዬ፣ የገዛ መኪናውን! ከአጎቴ ጋር የተዋዋለ መሰለኝ። እማዬ ለመኪናዋ ስትከራከር እሱ እጁን አጣጥፎ ሊያያት ነው።

ስለ እጁ ማንም የነገረኝ አልነበረም። የሚያንቀጠቅጠው በሽታ የጀመረው ገና አርባ ሳይሞላው ነው። እኔ የማውቀው አባዬ እጁን ከኪሱ የማያወጣ ሰው መሆኑን ነው፤ እኛን ግን አስተማሪያችን በዚያ ትቀጣናለች። እማዬ ሻይ ስትቀዳለት ኩባያውን እስከ ግማሹ ብቻ ነበር የምትሞላው። እኔ ተጣልተው ቀንሳበት ነው ብዬ አዝንለት ነበር። ፈሶ ሰው ፊት እንዳያፍር መሆኑን ያወቅኩት አድጌ ነው።

የብርዱ ወራት አለፉ፤ ሜዳው አረንጓዴ መሆን ሲጀምር አዲሶቹ ጎማዎች በቡናማ ወረቀት ተጠቅልለው መጡ። እማዬ ቅዳሜ ጠዋት የአባዬን ቱታ ለብሳ፣ እጅጌውን እስከ ክርኗ ጠቅልላ ጋራዡ ገባች። ጋራዥ እንበለው እንጂ የድሮ ጎተራ ነው፤ ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው የወፍ ጎጆ፣ ጥግ ላይ የሚሸት የላምባ ማሞቂያ። መኪናዋን በክሪክ አንስታ ብረት ድጋፍ ላይ አስቀመጠቻት። አባዬ የእንጨት ወንበር አምጥቶ ከኋላዋ ተቀመጠ። እጁ ኪሱ ውስጥ።

አሮጌዎቹን ማውጣት ብቻ እስከ ምሳ ፈጀ። ዳዶዎቹ ዝገው ከቡሎኑ ጋር ተጣብቀዋል። ከመኪናዋ ሥር የሚታየኝ የእማዬ ቦቲ ብቻ ነው፤ አንዳንዴ እኔ ብናገረው አፌን በሳሙና የሚያሳጥብ ቃል ከዚያ ይወጣል። ግን ክንዷ ብርቱ ነው። እማዬ የመንደራችን ቤተ ክርስቲያን ደወል ደዋይ ነበረች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ከሷ የሚከብድ ነሐስ በገመድ ስትገለባብጥ የኖረች ሴት ናት። አንድ በአንድ አወጣቻቸው። ጎማው ዙሪያውን እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል፤ አንዱማ በእጇ ላይ ለሁለት ተከፈለ።

«ይኸው፣ ጎማው ነው ብለህ ነበር» አለችው፣ ቁራጩን ከፍ አድርጋ እያሳየችው።

«ጎማውም ነው» አላት። ሁለቱም ሳቁ። ምኑ እንደሚያስቅ አልገባኝም።

ከዚያ አዲሱን ፈታችው። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ዙሪያውን ስድስት ቀዳዳ ያለው፣ ሽታው የአዲስ ጫማ። ወገቡ ላይ የሚያብለጨልጭ የብረት ቀበቶ ታጥቋል። እንደ ስጦታ ዕቃ ታሽጎ የመጣ መሰለኝ፤ እማዬም ከኔ የተለየ አላሰበችም። የቆርቆሮ መቀሱን አነሳች።

በዚያች ቅጽበት አባዬን እያየሁት ነበር። ከወንበሩ ብድግ አለ። አፉን ከፈተ። ከዚያ ከንፈሩን ነክሶ ተመልሶ ተቀመጠ።

ቀበቶው «ጧ!» ብሎ ተበጥሶ መሬት ላይ ተንከባለለ። እማዬ ጎማውን ይዛ ከሥር ገባች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማየት ያሳዝናል። አንዱን ቡሎን ታስገባለች፤ ሁለተኛው ቀዳዳ አይገጥምም። ሁለተኛውን ስታስገባ የመጀመሪያው ያፈነግጣል። በብረት ዘንግ ትፈነቅላለች፣ በመዶሻ ትመታለች፣ በጉልበቷ ትገፋለች። ላቧ ከግራሶው ጋር ተቀላቅሎ አንገቷ ላይ ይወርዳል። ሰዓቱ ሄደ። አባዬ ጣሪያውን ያያል፤ ወፎቹን የሚቆጥር ይመስል።

አጎቴ ሴድሪክ በር ላይ ብቅ ያለው በዚህ መሃል ነው። እንቁላል ይዞልን መጥቷል።

«አልገጥም አለ?» አለ።

«ይገጥማል» አለች ከሥር።

«እኔ ነገ ጠዋት ትራክተሩን ላመጣ እችላለሁ። ለማንም አልናገርም፤ ተሸነፍሽ የሚልሽ የለም።»

«ሴድሪክ፣ እንቁላሉን አስቀምጠህ ሂድልኝ!»

ሄደ። እኔ ግን አልቻልኩም። አባዬ እንደሚያውቅ አይቻለሁ። አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ በዓይኔ አይቻለሁ! ከተቀመጥኩበት ሳጥን ላይ ዘልዬ ፊቱ ቆምኩ።

«ለምን አትነግራትም? ታውቃለህ እኮ! ለምን ዝም ትላለህ?»

«ፒፓ» አለ፣ ዓይኑን ሳያነሳ፣ «እናትሽ እየሠራች ነው።»

«እየተሳሳተች ነው!»

«መሥራት ማለት እሱም አለበት።»

«አንተ ከአጎቴ ጋር ነህ!» አልኩት። ለቅሶዬ መጣ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የዚያን ቀን ግን አባዬን ዝምታው ውስጡን ሲበላው አይቻለሁ። እኔ ጥፋተኝነት መስሎኝ ነበር።

ጩኸቴ እማዬን ከነጎማው ከሥር አወጣት። ፊቷ ጥላሸት ብቻ ነው። አባዬን አየች፣ እኔን አየች፣ መሬት ላይ ተቀመጠች። ቀበቶ የታጠቀውን ሌላውን አዲስ ጎማ ከወረቀቱ አወጣችና ከፈታችው ጎን አስቀመጠችው። ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። የተፈታው ተንፍሶ ወፍሯል። ቀዳዳዎቹ ተራርቀዋል። የታጠቀው ግን ጠበብ፣ ጥብቅ ብሏል።

«አይ እኔ!» አለች። «ቀበቶው ማሸጊያ አይደለም። አፍኖ የያዘው እሱ ነው። ቡሎኑ ሁሉ ከጠበቀ በኋላ ነው የሚቆረጠው!»

አባዬ አሁንም ወፎቹን ያያል። ከንፈሩ ግን እየተንቀጠቀጠ ነው።

«አውቀህ ነው?» አለችው።

«ሻይ ልጠጣ ነው» አለና ተነሳ። በሩ ጋ ሲደርስ ፊቱን በትከሻው ሲጠርግ አየሁት።

እማዬ ወዲያው ከመኪናዋ ሥር አልተመለሰችም። መደርደሪያውን በረበረች፤ ቆርቆሮ ሁሉ ወለሉ ላይ ገለበጠች። መጨረሻ ላይ የውኃ ቱቦ የሚታሰርባቸው፣ በካቻቪቴ የሚጠብቁ ሁለት ማሰሪያዎች አገኘች። አንዱ አይበቃም፤ ስለዚህ ሁለቱን ጫፍ ለጫፍ ቀጥላ በጎማው ወገብ ላይ አዞረቻቸው። ማጥበቅ ጀመረች። ጎማው ቀስ በቀስ እያቃሰተ ተሰበሰበ። ቀዳዳው ከቀዳዳው ሲጋጠም ቡሎኑ በጣቷ ግፊት ብቻ ገባ። ይህን ማንም አልነገራትም። የተቀሩት ሦስቱ ቀበቷቸውን እንደታጠቁ ገቡ፤ የመጨረሻው ዳዶ ሳይጠብቅ መቀሱን አልነካችም። ሲመሽ አራቱም ቦታቸውን ይዘዋል። እማዬ ከመኪናዋ ሥር ወጥታ ቆመች፤ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ያን ጥቁር ፊቷን ቀና አደረገች። በዓለም ላይ ከሷ የምትረዝም ሴት ያለች አልመሰለኝም።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ከሰዓት ሁለቱ በመኪናዋ ይወጡ ነበር። እኔን ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከሌሎቹ ልጆች ጋር ይተዉኛል። መኪናዋ ከሩቅ ስትዘል፣ ስትንደቀደቅ፣ ደግማ ስትነሳ እሰማለሁ። አባዬ መንዳት ረስቷል ብዬ አፈርኩለት። ቅዳሜ በቅዳሜ ዝላዩ ቀነሰ፤ በመጨረሻም ጠፋ። አባዬ አስታወሰ ብዬ ደስ አለኝ።

ውድድሩ የሚደረገው በጦርነቱ ጊዜ አውሮፕላን ይነሳበት በነበረ፣ አሁን በግ በሚግጥበት ሜዳ ላይ ነው። መኪኖቹ አንድ በአንድ ከቆሙበት ተነስተው ሰዓት እየተያዘላቸው ይሮጣሉ። ሰዉ በንፋሱ ተኮራምቶ፣ ሻዩን በሁለት እጁ ይዞ፣ በሊጥ የተጠቀለለ ቋሊማ እየበላ ያያል። እኔ በአጎቴ መኪና ነው የሄድኩት። መንገዱን ሙሉ አልተናገረም። እንደደረስን ግን አባዬ የራስ ቁሩን ይዞ ወደ ቢጫዋ መኪና ሲራመድ አየና ሮጠ፤ ያ ሁሉ ግዙፍ ሰውነት ሲሮጥ አይቼ አላውቅም።

«ሮላንድ! እንዳትገባ!» ክንዱን ያዘው። «መኪናዋን አልፈልግም፣ ስማኝ፣ ያንተ ትሁን። ብቻ እንዳትገባባት!»

ያን ጊዜ አጎቴን ጠላሁት። ዛሬ ግን ይገባኛል፤ ሰውዬው ከዚያ እንጆሪ ቀን ጀምሮ የኔንና የወንድሙን ሬሳ በሕልሙ ሲያይ ነበር የከረመው። ጎተራ ሊያስገባ የፈለገው መኪናዋን ሳይሆን ሥጋቱን ነው።

«ማን ይገባል አለህ?» አለ አባዬ። ዞረና የራስ ቁሩን እማዬ ራስ ላይ አደረገላት።

ማሰሪያውን አገጯ ሥር ለመቆለፍ ሞከረ። ጣቱ አልታዘዝ አለው። ደግሞ ሞከረ። እማዬ ልትረዳው እጇን አላነሳችም። አገጯን ቀና አድርጋ፣ ሌላ ጉዳይ እንደሌላት ሁሉ ቆማ ጠበቀችው። ሰልፉ ላይ ያለው ሁሉ ጠበቀ። በመጨረሻ ቀጭ አለ። አጎቴ ፊቱን አዙሮ በጎቹን ያይ ጀመር። እኔ ግን ተናድጃለሁ፤ እማዬ የአባዬን ቦታ ወስዳ መሪው ጋ ተቀመጠች!

«አባዬ፣ ለምን ፈቀድክላት?»

ጎንበስ አለልኝ። «ያን ቀን ለምን ዝም አልክ ብለሽኝ ነበር አይደል? ነግሬያት ቢሆን ኖሮ ከመኪናዋ ሥር ያለው የኔ እጅ ይሆን ነበር። አሁን የሷ ነው። የምትነዳው የራሷን ሥራ ነው።»

«ብትዘልስ?»

«እናትሽ ደወል ደዋይ ናት» አለ። «ገመዱ ክብደቱን እስኪቀበል መጠበቅ ማን አስተማራት? እኔ አይደለሁም።»

«ቀጣዩ ተወዳዳሪ» አለ ድምፅ ማጉያው፣ «በቢጫዋ መኪና፣ ሮላንድ ካችፖል!» ዝርዝሩ ላይ ለዓመታት የኖረው ስም ነው፤ ሰውዬው በልማድ አነበበው።

ባንዲራው ወረደ። ሞተሩ ጮኸ። መኪናዋ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ምንም አላደረገችም፤ ጎማዎቹ ከሥር ሲጠመዘዙ የምሰማቸው መሰለኝ። አጎቴ «ኧረ እግዚኦ» አለ። ከዚያ ሄደች። አልዘለለችም። ቢላ ቅቤ ላይ እንደሚሄድ ሄደች፤ መታጠፊያውን ዞረች፣ በበጎቹ አጥር በኩል ተምዘገዘገች፣ ጨረሰች። አንደኛ አልወጣችም፤ ከመሃል ነበረች። አራቱ ጎማ ግን ደህና፣ ቢጫዋ መኪና ደህና፣ እማዬ ደህና።

«ሮላንድ ካችፖል ጥሩ ሰዓት አስመዝግቧል!» አለ ማጉያው።

ያኔ አባዬ ከአጠገቤ ጠፋ። ወደ አስተዋዋቂው የእንጨት ጎጆ በሣሩ መሃል ሲሄድ አየሁት፤ እርምጃው አጭር፣ ደረቱ የተነፋ። ትንሽ ቆይቶ ማጉያው ተንኳኳ፣ ተንጫጫ፤ ከዚያ የሜዳው ሁሉ ጆሮ ላይ የአባዬ ድምፅ ወጣ። ዝም ማለት የሚችለው ሰውዬ።

«ማረሚያ አለኝ። የነዳችው ሂላሪ ካችፖል ናት። ጎማዎቹን የገጠመችውም እሷ ናት፤ አራቱንም፣ ያለ ማንም እርዳታ። ከዛሬ ጀምሮ መኪናዋም የሷ ናት። ስሙን አስተካክሉልኝ።»

ሰዉ ሻዩን መሬት እያስቀመጠ አጨበጨበ። እኔ እሪ ብዬ አለቀስኩ። አጎቴ አንስቶ ታቀፈኝ።

«ምን ሆንሽ አንቺ?»

«አባዬ መኪናውን ተቀማ!»

«የተቀማሁትስ እኔ ነኝ» አለ፤ ጉንጩ እርጥብ ነበር፣ ሆዱ ግን በሳቅ እየተንቀጠቀጠ ነበር። «አይዞሽ። በሕይወቴ እንዲህ በደስታ ተቀምቼ አላውቅም።»

እማዬ መኪናዋን መልሳ ሣሩ ላይ አቆመቻት። ሰዎች ከበቡ፤ ጎንበስ እያሉ ከሥር ያያሉ። አንድ የማላውቀው ሽማግሌ ወደ አባዬ ዞሮ፣ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ይህች መኪና የማን ናት?» ብሎ ጠየቀው።

«የሚስቴ ናት» አለ አባዬ።

ሌላም መጥቶ ጠየቀ፤ ለሱም መለሰለት። ብርዱ ጠንክሮ ሰዉ መበተን ሲጀምር እማዬ «እንሂድ እንጂ፣ ልጅቷ በረዳት» ብላ ደጋግማ ለመነችው። አባዬ ግን ሌላ ሰው መጥቶ ይጠይቀኝ ይሆናል ብሎ ከመኪናዋ አጠገብ ንቅንቅ አልልም አለ።